የግንባር አበል

ደሴ ጭጋግ ለብሳ፣ ጦሳም ሳይገለጥ፣
ሰልፍ ነው መስኮቴ ሥር፣ ደመወዝ ሲሰጥ።
አሥር አለቃ ዘሐራ፣ የሂሳብ ጸሐፊ፣
በቀይ እስክሪብቶ፣ የሰው ስም አሳላፊ።

መዝገቤ ላይ አለ አንድ ጠባብ ዓምድ፣
ከስሙ በስተቀኝ፣ ከፊርማው ጋር የሚዛመድ፤
አናቱ ላይ ጽሑፍ፦ «የግንባር አበል»።
አንዱ ሙሉ ይወስዳል፣
አንዱ ጋ ሰረዝ ነው፣ ዝም ብሎ ይጋደማል።

ሽበሺ ወጥ ቤቱ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣
ጎላው ሥር ተደፍቶ፣ ፊቱን ልጦት እሳት፣
ለሦስት መቶ ሰው ቁርስ፣ ለሦስት መቶ ሰው እራት።
«ዘሐራ» ይለኛል፣ መስኮቱን ተደግፎ፣
የግንባሩን ላብ፣ በመዳፉ ገፎ፦
«ይሄስ ምን ይባላል? ግንባር አይደለም ወይ?
ደም ብቻ ነው እንዴ፣ የሚጻፍ ወረቀት ላይ?»
ሰልፉ ሁሉ ይስቃል። እኔም እስቃለሁ።
ሰረዙን አስምሬ፣ ስሙን አልፈዋለሁ።

ይማም ግን አይስቅም፤ ሾፌር ነው፣ ዝምተኛ፣
ከኮምቦልቻ ዲፖ ነዳጅ ጭኖ ሲመጣ፣ ሁልጊዜ ማታ፣ ብቸኛ።
ሐረጎን ታውቃለህ፤ አንጀት ነው መንገዱ፣ ታጥፎ የተቀመጠ፣
ታች የቦርከና ሙቀት፣ ላይ የደሴ ብርድ፣ መሐል ጉም ያደፈጠ።
ኅዳር ላይ አንድ ሌሊት፣ ፍሬን አልያዘለትም፤
ጥይት አልተተኮሰም፣ ጠላት አልነበረም፤
ገደሉ ብቻ ነበር።
ቅጹ ላይ ሁለት ሳጥን፦ «መሥዋዕት» እና «አደጋ»፤
ምልክቱን አደረግሁ፣ አለቃዬ ያለኝ ጋ።

ሚስቱ ጦይባ መጣች፣ አራስ ልጇን አዝላ፣
ከገራዶ በእግሯ፣ የሚኒባሱን ሳንቲም ለዳቦ ከፍላ።
«የዳረጎቱ ልዩነት ስንት ነው?» አለች። ነገርኳት።
በጣቷ ቆጠረችው፤ ጣቷ አነሰባት።
«ነዳጁ ሲደርስማ፣ ግንባር ገባ ይባላል፤
ሾፌሩ ሲሞትበት፣ ስንት ኪሎ ሜትር ይጎድላል?»
መልስ አልነበረኝም። ማኅተሙን መታሁት።
ቀለሙ ደርቆ ነበር። እንደገና መታሁት።
«አብሽሪ» አለችኝ እሷ፣ ማጽናናቱ የኔ ሳለ፤
ስትወጣ ያራሱ እግር፣ ካንቀልባው አፈትልኮ፣ በብርዱ ተንጠለጠለ።

ይህን ይዤ ሳለሁ፣ «በደል ነው» ልል ስል፣
ፈንታው ፈንታውን ሊወስድ ደረሰ፣ በክራንች፣ ባንድ እግሩ ሲዘል፤
ሱሪው በመርፌ ቁልፍ ተይዞ፣ ታጥፎ ከጉልበቱ እኩል።
ብሩን ሁለቴ ቆጥሮ፣ ጎንበስ አለ ወደኔ፦
«ሰልፉ የሚያወራውን ሰማሁ፤ ልንገርሽ እንደኔ።
ሽበሺ ላቡን ጠርጎ፣ ይተኛል ከነሕይወቱ፤
እኔ ምሽግ ውስጥ፣ ጓዴን አቅፌ ያደርኩት፣ ሞቶ ነው፣ እስከ ንጋቱ።
ይሄን ከሾርባ ጋር፣ ባንድ ሚዛን አታስቀምጪ።»
ዝም አለ። ከዚያ ደግሞ፦ «ስሚኝ ግን፣ ሳትቆጪ፤
ሦስት ቀን ጦም ውለን፣ በአራተኛው ሌሊት፣
አንድ መኪና መጣ፣ መብራቱን አጥፍቶ፣ ሲያቃስት በአቀበት።
ዳቦው ሻግቶ ነበር፤ በላነው፤ ነፍስ ዘራን።
ሾፌሩን በጨለማ፣ ስሙን ሳንጠይቅ ቀረን።»

ማታ ቢሮው ባዶ ነው። አምፖሉ ይርገበገባል።
ዓምዱ ሁለት ጣት ነው። ስንት ሰው ይገባል?
ግንባር የት ይጀምራል? ሐረጎ ኩርባው ላይ?
ዲፖው በር? ጎላው ክዳን ላይ?
ወይስ ከጉልበት በታች፣ በሌለው እግር ላይ?
«ግንባር ላይ የተጻፈ» ይላል ሰው፣ «አይፋቅም»፤
እኔ የምጽፈውስ፣ በቀይ እስክሪብቶ? አላውቅም።

በይማም ስም ትይዩ፣ ሰረዙ ጫፍ በእርሳስ፣
አንዲት ነጥብ አኖርኩ፣ ኦዲተሩ እስኪያስስ።
በራሴ ስም ትይዩም፣ ሰረዝ ነው። አልነካሁት።

ጠዋት ሽበሺ ሾርባ አመጣ፣ በጣሳ።
ትኩስ ነበር። ጠጣሁት።